ከጋኑ የጠፋው ስኳር

ከባቲ ወደ ቆላው ወረድ ሲሉ ባሉት መንደሮች፣ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሦስተኛውን ስም ማብጠልጠል ሲጀምሩ አንድ ትልቅ ሰው በመካከላቸው አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። ወሬው እዚያው ይቀራል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሌላው ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። እኔ በልጅነቴ አባባሏን ስሰማ ቀልድ ትመስለኝና እስቅ ነበር። ኋላ አክስቴ መነሻዋን ስትነግረኝ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። አሁን አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ ታሪኩን ትታችሁ ትሄዳላችሁ። መጀመሪያ ከተናገሯት ሴት አፍ ብትሰሟት ይሻላል።

ነገሩ የሆነው በሐጂ አበጋዝ ቤት ነው። ሐጂ አበጋዝ ዕድሜያቸውን አሞሌ ጨው ሲነግዱ የኖሩ፣ ለድሃ የማይሰስቱ፣ ሶላት የማያሳልፉ ሰው ነበሩ። ታዲያ አንድ ዐመል ነበረባቸው፤ ሰው አያምኑም። በር ቆልፈው ሦስት ጊዜ ተመልሰው ይነካኩታል። የመንደሩ ቀልደኞች፣ «ሐጂ ጥላቸው ከቀደማቸው ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቁታል» ይሉ ነበር። ካልታዘልኩ አላምንም አለች የተባለችው ሙሽራ የእርሳቸው ዘመድ ሳትሆን አትቀርም።

እኚህ ሰው በየዓመቱ የረመዳን ሃያ ሰባተኛዋ ሌሊት በምትገባበት ምሽት መንደሩን ሁሉ ጠርተው ያስፈጥራሉ። ቴምሩ፣ ሾርባው፣ የፍየል ሥጋው ሁሉ ይቀርባል። ሰው ቀኑን ሙሉ በልቡ ሲያስበው የሚውለው ግን የማር ብርዙን ነው። በዚያ ቆላ ሐሩር ውሃ እንኳ ሳይቀምስ የዋለ ጉሮሮ ምን እንደሚል የሚያውቀው የጾመ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀርቶ፣ አበባ ጠፍቶ፣ ንቡ ቀፎውን ጥሎ ተሰደደ። ማር የሚባል ነገር ከገበያ ጠፋ። ሐጂ ቃላቸውን ላለማጠፍ ከባቲ ገበያ አንድ ቁና ተኩል ስኳር ገዝተው መጡ። ያን ጊዜ ስኳር ለእንግዳ ሻይ በማንኪያ የሚጨመር ነገር ነው እንጂ በከረጢት ሲገዛ ያየ ሰው በመንደሩ አልነበረም። ሐጂ ከረጢቱን ትራስ አድርገው ሁለት ሌሊት ተኙበት።

ቀኑ ሲደርስ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ከረጢቱን ለምራታቸው ለመኪያ አስረከቧት። መኪያ የልጃቸው የእንድሪስ ሚስት ነች። ከተዳረች ዓመት አልሞላትም። ንግግሯ ጥቂት፣ እጇ ንጹሕ፣ ሥራ የማትደግም ልጅ ነበረች።

«ጋኑን ውሃ ሙይውና ሁሉንም ጨምሪበት» አሏት ሐጂ። «አንዲት ፍሬ እንዳታስቀሪ።»

«እሺ አባቴ።»

ጋኑን ሞላች። ስኳሩን ጥቂት ጥቂት እየነሰነሰች፣ ክንዷ እስኪዝል ድረስ በረጅሙ መበጥበጫ በጠበጠችው። መበጥበጫው የጋኑን ሥር ሲነካ የሚንኮሻኮሽ ነገር እስኪጠፋ ድረስ አልተወችውም። ከዚያ በከረጢቱ ስፌት የቀረችው ፍሬ እንዳትባክን ብላ ከረጢቱን ገልብጣ አለቀለቀችና እጥቡን እዚያው ጋን ውስጥ ጨመረችው። ከረጢቱን አጥር ላይ አሰጣች፤ ጋኑን ከድና ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች። ልብ በሉ፣ የሠራችው ሁሉ ልክ ነበር። ኋላ የተከሰሰችውም በዚሁ ልክ በሠራችው ነው።

ሐጂ የቀትሩን የዙሁር ሶላት ሰግደው ሲመለሱ ዐመላቸው አላስቀምጥ አላቸውና ጓዳ ገቡ። ክዳኑን አነሡ። ውሃው አሁን ከምንጭ እንደተቀዳ ጥርት ብሎ ተኝቷል። ማር ቢሆን ውሃውን ያደፈርሰዋል። አሞሌም ቢሆን አተላውን ከሥር ይተዋል፤ ይህን ደግሞ ከሐጂ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው አስገቡ። አልደርስ ሲላቸው መበጥበጫውን አንሥተው የጋኑን ሥር ጫሩት። ከሸክላው በቀር ምንም የለም። ወጥተው ከረጢቱን ፈለጉ፤ ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቷል።

«መኪያ» ብለው ተጣሩ።

«አቤት አባቴ።»

«ስኳሩን የት አደረግሽው?»

«ጋኑ ውስጥ ነዋ።»

«ጋኑን አሁን አየሁት። ሥሩንም ጫርኩት።»

«ሟሙቶ ነው አባቴ።»

«ሟሙቶ?» አሉ ሐጂ። «ለአንድ ስኒ ሻይ አንድ ማንኪያ ሲሟሟ እኔም አይቻለሁ። ቁና ተኩል ስኳር ግን ምንም ሳይተርፍ የት ይገባል? ቢያንስ ግማሹ ከሥር ይቀመጣል።»

«እስኪያልቅ በጠበጥኩት እኮ።»

«ከረጢቱንስ ማን እጠቢው አለሽ?»

«እንዳይባክን ብዬ ነው።»

«ከረጢት የሚያጥብ ዱካ የሚያጠፋ ነው» አሉ ሐጂ፤ ድምፃቸውም ከፍ አለ። «ወንድምሽ ትናንት በአህያ ማሽላ አምጥቶ ከዚህ አድሯል። ዛሬ ጠዋት ሲሄድ አህያው ባዶ ነበር?»

«ባዶ ነበር።»

«ማን አየ?»

ማንም አላየም። ባዶ አህያ ሲሄድ ቆሞ የሚያይ ማን አለ። መኪያ ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ጉዳዩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በጨነቀው ድምፅ፣ «አባቴ፣ ካላመኑኝ ይቅመሱት» አለች።

ነገሩን ያባባሰው ይሄ ቃል ነው። ሰዓቱ ሰባት ነው፤ ፀሐይ እስክትገባ ገና አምስት ሰዓት ይቀራል።

«ይኸውላችሁ» አሉ ሐጂ፣ በጩኸቱ ተጠራርተው ወደ ግቢው ወደገቡት ጎረቤቶች ዞረው። «ሌብነቱ አልበቃ ብሏት ጾሜን ልታስፈታኝ ነው። ዛሬን ለምን መረጠች መሰላችሁ? በረመዳን ማንም ውሃ እንደማይቀምስ ስላወቀች ነው። ማታ ላይ ስንቀምሰው ደግሞ ወንድሟ ስኳሩን ይዞ ሁለት ተራራ ተሻግሯል።»

አያችሁ፣ ተጠራጣሪ ሰው ሞኝ አይደለም። ብልህ ነው፤ ያገኘውን ብጣሽ ሁሉ ሰፍቶ ልብስ ያደርገዋል። ጎረቤቶቹም እርስ በርስ ተያዩ። ነገሩ ያስኬዳል።

አንደኛው ጎረቤት ዝቅ ብሎ፣ «ሐጂ፣ ከጋኑ ሥር ጉንዳን ተሰልፏል» አላቸው።

«ሲሰረቅ የፈሰሰውን ሲለቅም ነዋ።»

«ክንድዎን ይዩት አባቴ» አለች መኪያ። «ውሃው ደርቆ ጸጉሩን አጣብቆታል። ባዶ ውሃ ያጣብቃል?»

ሐጂ ክንዳቸውን አዩ። እውነትም ተጣብቋል። አክስቴ እዚህ ላይ ስትደርስ፣ «እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ» ትላለች። አላቆሙም። «ከረጢቱን ስትለቀልቂ የጨመርሽው ትራፊ ነው ያጣበቀኝ። አንድ እፍኝ ትተሽ ቀሪውን ጫንሽው» አሏት።

አንዲት እናት በጀርባዋ ያዘለችውን ሕፃን አውርዳ በጣቷ ጫፍ ከጋኑ አቀመሰችው። ሕፃኑ ጣቷን ጠብቶ ጨረሰና ሌላ ፈልጎ ማልቀስ ጀመረ። «ሕፃን ለጠማው ያለቅሳል» አሉ ሐጂ። በዚህም ዝም አሰኟቸው።

የመንደሩ ሸህ ቢጠየቁ ነገሩ በአንድ ቃል ባለቀ ነበር። እርሳቸው ግን የረመዳንን የመጨረሻ ዐሥር ቀናት ከመስጊድ ሳይወጡ በጸሎት ነው የሚያሳልፉት። መስጊዱ ደግሞ ከቤቱ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስ ነው። ሐጂ አልሄዱም። መልሱን በእጁ የያዘ የመሰለው ሰው ጥያቄ ይዞ የትም አይሄድም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ውሃው ጣፋጭ መሆኑን ከመኪያ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። እርሳቸውም የሐጂ እናት፣ እናት ሐዋ ናቸው።

እናት ሐዋ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። በዚያ ዓመት ሆዳቸውን ታመው ስለነበር ሸሁ ራሳቸው፣ «እናቴ፣ እርስዎ መጾም የለብዎትም፤ በምትኩ ድሃ ያብሉ» ብለዋቸዋል። የተፈቀደ ነገር ነው፤ ምንም ነውር የለበትም። እናት ሐዋ ግን አፈሩ። ስድሳ ዓመት ጾመው የመንደሩ ሴቶች ጥንካሬያቸውን እያነሡ ሲያደንቁ የኖሩ ሰው፣ ዛሬ በቀን ውሃ ሲጠጡ መታየት ሞት መሰላቸው። ስለዚህ በሰው ፊት ይጾማሉ፤ ሰው በሌለበት ትንሽ ትንሽ ይቀምሳሉ። ያን ቀንም ቀትር ላይ፣ ሐጂ መስጊድ እያሉ፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ጓዳ ገቡና ከጋኑ አንድ ቅል ቀዱ። ጣፈጣቸው። አንድ ደገሙ። አፋቸውን ጠርገው መደባቸው ላይ ተመልሰው ጋደም አሉ።

ጩኸቱ ሲጀመር ሁሉንም ከመደባቸው ሆነው ሰሙ። «ጣፋጭ ነው» ብለው አንድ ቃል ቢናገሩ ያበቃል። ግን፣ «እርስዎ እንዴት አወቁ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። እናት ሐዋ ኩታቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ለራሳቸው፣ «ማታ ሁሉም ይቀምሰው የለ፤ ያን ጊዜ ይጠራል» አሉ። እኔ አልፈርድባቸውም። እናንተም ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ በዚያ ቀን የቸኮለ ሰው በቂ ነበር።

አስር ላይ እንድሪስ ለማታው የሚታረደውን ፍየል እየጎተተ ገባ። አባቱ የሆነውን በራሳቸው መንገድ ነገሩት። እንድሪስ ሚስቱን አየ፤ ዓይኗ ቀልቷል። ልቡ እንደማትሰርቅ ያውቃል። አባቱን ግን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም።

«አባቴ፣ እስከ መግሪብ እንታገሥ» አለ መሬት መሬት እያየ። «አዛን ሲል ሁሉም ይቀምሰዋል።»

«ሌባ በእኔ ቤት አታፈጥርም» አሉ ሐጂ። «አሁኑኑ ወደ አባቷ ቤት መልሳት። ከዒድ በኋላ ከአባቷ ጋር እንነጋገራለን።»

ይህ ቀላል ቃል እንዳይመስላችሁ። በዚያ አገር ሌባ ተብላ የተመለሰች ሚስት ሁለተኛ ጎጆ አትወጣም፤ ታናናሽ እኅቶቿንም ደፍሮ የሚጠይቅ አይገኝም። መኪያ ይህን ታውቃለች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ነጠላዋን ተከናንባ የልብሷን ጥቅል አነሣችና ለመሰናበት ወደ እናት ሐዋ መደብ ሄደች። ጉልበታቸውን ሳመች።

«እናቴ፣ እርስዎስ ያምኑኛል?» አለቻቸው።

እናት ሐዋ አፋቸውን ከፈቱ። በበሩ በኩል ጎረቤቶቹ ቆመው ያያሉ። ከሁሉ ፊት የቆመችው ደግሞ ገና ትናንት፣ «እንደ እናት ሐዋ የሚጾም የት ይገኛል?» ያለችው ሴት ነች።

«አላህ ያውቃል ልጄ» አሉ እናት ሐዋ።

መኪያ ለጥቂት ጊዜ ፊታቸውን አየችና ወጣች። እንድሪስ ከኋላዋ ተከተለ። የአባቷ መንደር የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ፀሐይ መንገድ ላይ እንደምትጠልቅባቸው ሁሉም ያውቃል። ክንዷ እስኪዝል ከበጠበጠችው ውሃ አንድ ጉንጭ ሳትቀምስ ሄደች።

ምሽቱ ደረሰ። እንግዶቹ በምንጣፉ ላይ ዙሪያውን ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኑ። ሸሁም የሐጂን ጥሪ አክብረው ለአንዲት ሰዓት ብቻ ከመስጊድ ብቅ አሉ ይባላል፤ አክስቴ እርሷን ነገር አልወደደቻትም፣ «ሰው ተልኮላቸው ነው የሰሙት» ትላለች። ብቻ ሐጂ ከአዛኑ በፊት ተነሥተው ቆሙ።

«ጎረቤቶቼ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። «የዛሬው ባዶ ውሃ ነው። ቁና ተኩል ስኳር ገዝቼላችሁ ነበር፤ ምራቴ ከወንድሟ ጋር አሻገረችው።»

ያልሰሙት እንግዶች ሁሉ ሰሙ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ።

አዛን አለ። ቴምሩ ተነሣ፤ ውሃው በየቅሉ ተቀድቶ ዞረ። የመጀመሪያው ሰው ጠጣና ቅሉን ከአፉ አንሥቶ ውስጡን አየ። ከዚያ ጠጥቶ ጨረሰው። ሁለተኛው ጠጣ፣ የመጀመሪያውን አየው። ሦስተኛው አቀረቀረ። ቅሉ ሲዞር ዝምታውም አብሮ ዞረ። ቀኑን ሙሉ የተጠሙ ሰዎች ሲጠጡ የሚሰማው «አልሐምዱሊላህ» እንኳ በሹክሹክታ ነው የወጣው።

ሐጂ ዝምታውን አይተው እንግዶቹ በባዶ ውሃ የተቀየሙ መሰላቸው። «ምን ላድርግ» አሉ ደግመው፤ «ሰው ካመኑ እንዲህ ነው። ለከርሞ ማር ፈልጌ እክሳችኋለሁ።»

አጠገባቸው የነበረው ሽማግሌ ቅሉን ዘረጋላቸው። «ይጠጡ ሐጂ» አላቸው።

ሐጂ ጠጡ። አንድ ጊዜ ዋጡና ቆሙ። ደግመው ጠጡ። ቅሉን መሬት አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩት። ሰው ሁሉ፣ አሁን ወይ ያለቅሳሉ ወይ ይጸጸታሉ ብሎ ጠበቀ። ዐመል ግን ከራስ ላይ አውርደው የሚያስቀምጡት ጥምጥም አይደለም።

«መልሳዋለች» አሉ ሐጂ። «ስትያዝ ፈርታ ሹልክ ብላ መልሳዋለች። ወይ ደግሞ አንዱ ከእናንተ ሊሸፍንላት ጨምሮበታል። ጓዳው ማን ገብቶ ነበር?»

«እኔ ገብቼ ነበር» የሚል ድምፅ ከመጋረጃው ወዲያ ተሰማ።

መጋረጃው ተገለጠና እናት ሐዋ በምርኩዛቸው ወጡ። ወንዶቹ ሊነሡላቸው ሲሞክሩ በእጃቸው ከለከሏቸው።

«ቀትር ላይ ገባሁ» አሉ። «አንተ መስጊድ እያለህ፣ ጩኸትህ ሳይጀመር። ሁለት ቅል ጠጣሁ። እንደ አሁኑ ጣፋጭ ነበር።»

«እናቴ፣ በቀን?» አሉ ሐጂ።

«በቀን። ታምሜያለሁ፤ ሸሁ ከፈቀዱልኝ ሰንብተዋል። አፍሬ ነው የደበቅኳችሁ።» ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «የምታደንቁኝ ጾመኛ ይህችው ነኝ። ያች ልጅ ጉልበቴን ስማ ያምኑኛል ወይ ስትለኝ፣ ስኳሩ ገና ከምላሴ ሳይጠፋ፣ አላህ ያውቃል አልኳት። አላህማ ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር።»

ሐጂ በእንግዳ ፊት ተጣጥፈው ተቀመጡ፤ ያን የተጣበቀ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ይዳብሱ ነበር። ሸሁ በቀስታ፣ «በምላስ ጫፍ ቀምሶ መትፋት ለቸገረው ጾም አያፈርስም ነበር፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር ሐጂ» አሉ።

ልባችሁ እዚያ መንገድ ላይ እንዳይቀር ልንገራችሁ፤ መኪያ ተመልሳለች። በዒድ ማግስት፣ ለአባቷ ካሣ ተከፍሎ፣ ንጽሕናዋ በገበያ በአዋጅ ተነግሮ ነው የተመለሰችው። ከዚያ ወዲያ ግን በሐጂ ግብዣ ብርዝ በጥብጣ አታውቅም፤ እስኪሞቱ ድረስ መበጥበጫውን የያዙት ሐጂ ራሳቸው ናቸው ይባላል።

በዚያች ምሽት ግን ገና ምንም አልተጠገነም ነበር። እናት ሐዋ፣ «በቅሎ ጫኑልኝ፤ ከሱብሂ በኋላ እኔው ራሴ እሄዳለሁ» አሉ። ሦስት ሽማግሌዎች አብረው ሊሄዱ ተነሡ። ከመካከላቸው ትልቁ ጢሙን እያሻሸ ቆመ። ሰውየው የታወቀ አስታራቂ ነው፤ ያን ለት ግን ቃል አጠረው።

«እናት ሐዋ» አላቸው፣ «የልጅቷ አባት በሩ ላይ ቆሞ፣ ልጄን ምን አድርጋ ነው የመለሳችኋት ቢለን ምን እንመልስለታለን?»

እናት ሐዋ በምርኩዛቸው ላይ ተደግፈው መጀመሪያ ልጃቸውን፣ ቀጥሎ ቅሉን አዩና፣ «ምንም አላደረገችም፤ የሟሟ ስኳር በዓይን ፈለጉ፣ ቢያጡት ሰው ሌባ አደረጉ በሉት» አሉ።